በሶብላን እንወቀው፤ ዘሩንም እናቆየው

ዛሬ የምናወራው ስለ ጤፍ ወይም ስለ ስንዴ አይደለም። በጓሮ ስለሚበቅል፣ ግን ቁጭ ብለን አስተውለን ስላላየነው አንድ ተክል ነው። ስሙ በሶብላ ይባላል።

በሶብላን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። በርበሬ ሲደለዝ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉና ከጤና አዳሙ ጋር ይወቀጣል። የሽሮ እህል ሲሰናዳ ደርቆ ይገባበታል። ቅቤ ሲነጠርም ከኮሰረቱ ጋር ጣል የሚያደርጉበት አሉ። ሽታውን ዓይናችንን ጨፍነን እንለየዋለን።

እስቲ አሁን ጥቂት ጥያቄ እንጠይቅ። የበሶብላ ግንድ ክብ ነው ወይስ ማዕዘን አለው? አበባው ምን ይመስላል? አንዱ አበባ ስንት ፍሬ ይሰጣል? መልሱን ወዲያው የሚናገር ሰው ብዙ አይደለም። ይህን ማወቅ ደግሞ ጥቅም አለው። ተክሉን በደንብ ያወቀ ሰው ዘሩን አያጣም።

ዕድሜው አንድ ዓመት ነው

ተክሎች በዕድሜያቸው ይለያያሉ። ጌሾ አንዴ ከተተከለ ዓመት ከዓመት ይኖራል። ቅጠሉን ብንለቅመው እንደገና ያቆጠቁጣል። እንደዚህ ያለው ቋሚ ተክል ይባላል። ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ ግን እንዲህ አይደሉም። ይበቅላሉ፣ ያብባሉ፣ ያፈራሉ፣ ይደርቃሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው በዓመት ውስጥ ነው። እነዚህ ዓመታዊ ተክሎች ይባላሉ።

በሶብላ ዓመታዊ ነው። ውርጭ በሌለበት ሞቃት አገር አንዳንዴ ዓመት ሊያልፈው ይችላል። በእኛ ደጋ ግን ብርዱ ሲመጣ ያልቅለታል። ሥሩ መሬት ውስጥ ቆይቶ በሚቀጥለው ክረምት አያቆጠቁጥም። ለከርሞ የሚሻገረው በዘሩ ብቻ ነው። ይህን ነገር ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ግንዱንና ቅጠሉን እንመልከት

አሁን ወደ ጓሮ ውጡና አንድ ዘለላ በሶብላ ቅጠፉ። ግንዱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዛችሁ አሽከርክሩት። እንደ ስንዴ አገዳ ዝም ብሎ አይሾርም። ማዕዘኑ ጣታችሁን ይነካዋል። ቁጠሩት፤ አራት ማዕዘን ነው።

ቀጥሎ ቅጠሉን እዩ። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ። አንዱ በቀኝ ከሆነ ሌላው ልክ በትይዩ በግራ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ጥንድ ደግሞ ዞሮ አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ይሆናል። ከላይ ሆናችሁ ቁልቁል ብታዩት መስቀል ይሠራል። በዚህ ዓይነት የላይኛው ቅጠል የታችኛውን ፀሐይ አይከልለውም።

«ግንዱ አራት ማዕዘን የሆነ ሁሉ የበሶብላ ዘመድ ነው ማለት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። አይደለም። ባቄላን ውሰዱ። የባቄላ አገዳም አራት ማዕዘን ነው። የባቄላ ቅጠል ግን ጥንድ ጥንድ ሆኖ በትይዩ አይወጣም። አንዱ በዚህ፣ ሌላው ከፍ ብሎ በዚያ ነው። ፍሬውም በቆባ ውስጥ ነው። ባቄላ የአተርና የሽምብራ ዘመድ ነው። ስለዚህ ተክልን በአንድ ምልክት ብቻ አንለይም። ሁለቱን ሦስቱን ምልክት አይተን ነው የምንፈርደው።

ሽታው ከየት ይመጣል?

የበሶብላን ቅጠል ሳንነካው ቀረብ ብንል ሽታው ትንሽ ነው። ስናሸው ግን ጓሮውን ይሞላዋል። ለምን?

ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት። ጥቃቅን ነጠብጣብ የመሰለ ነገር አለበት። እነዚያ ዘይት የያዙ በጣም ትንንሽ ከረጢቶች ናቸው። ዓይን በደንብ አያያቸውም፤ በማጉያ መነጽር ግን ይታያሉ። ስናሸው ከረጢቶቹ ይፈነዳሉ፣ ዘይቱም በአየር ላይ ይበናል። የምናሸተው እርሱን ነው። አበባውን የያዘው አረንጓዴ ክፍልም እነዚሁ ከረጢቶች አሉበት። እናቶቻችን ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን ራሱን ቆርጠው ማድረቃቸው ትክክል ነው።

ይህ ዘይት በናኝ ነው። ፀሐይ ላይ ብናሰጣው ሽታው በፀሐዩ ይሄድና ገለባው ይቀራል። ስለዚህ በሶብላ የሚደርቀው በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ነው።

አበባው ባለ ከንፈር ነው

የበሶብላ አበባ ትንሽ ነው። ነጭ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነው። በግንዱ ጫፍ ላይ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይደረደራል። በአንዱ ደረጃ ዙሪያ ብዙውን ጊዜ 6 አበባ አለ፤ 3 በአንድ ጎን፣ 3 በሌላው ጎን። የሚያብበው ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ነው። ላይኛው ገና ሳይፈነዳ የታችኛው አፍርቶ ይገኛል።

አንዱን አበባ ነቅላችሁ ከፊት ለፊት እዩት። አፉን የከፈተ ይመስላል። የላይ ከንፈርና የታች ከንፈር አለው። በብዙዎቹ ዘመዶቹ ላይ የላይኛው ከንፈር በ2፣ የታችኛው በ3 ይከፈላል። በበሶብላ ግን የላይኛው በ4 ይከፈላል፤ የታችኛው ሳይከፈል አንድ ሆኖ ይቀራል። 4 እና 1፣ አምስት።

ከአፉ 4 ቀጫጭን ክሮች ይወጣሉ። ሁለቱ ረዘም ይላሉ፣ ሁለቱ ያጥራሉ። እነዚህ የወንዴ ክፍል ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ የአበባ ዱቄት አለ። ከመካከላቸው አንድ ሌላ ክር ይወጣል፤ ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። እርሱ የሴቴ ክፍል ነው። ክሮቹ በታችኛው ከንፈር በኩል ይዘረጋሉ። ንብ ማሩን ልትቀስም ስታርፍ ዱቄቱ ሆዷን ይነካል። ያንን ይዛ ወደ ሌላው አበባ ትሄዳለች። በሶብላ ባለበት ጓሮ ንብ የሚበዛው፣ ቀፎ ያለውም ሰው የሚጠቀመው ስለዚህ ነው።

የዕፅዋት ሊቃውንት ይህን ቤተሰብ ድሮ ላቢያቴ ይሉት ነበር፤ ባለ ከንፈሮች ማለት ነው። ዛሬ ላሚያሴ ይባላል። በዓለም ላይ ከ7,000 በላይ ዓይነት ተክሎች አሉበት። በሶብላ በሊቃውንቱ ዘንድ ኦሲሙም ባሲሊኩም ይባላል። ይህን ስም ያወጣለት ሊኔየስ የሚባል የስዊድን ሊቅ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1753 ነበር።

አራት ፍሬ ከአንድ አበባ

አበባው ከረገፈ በኋላ አረንጓዴው ዋንጫ ይቀራል። ሲደርቅ ቡናማ ይሆናል። አንዱን በጥፍራችሁ ክፈቱት። ውስጡ 4 ጥቃቅን ፍሬ ይገኛል። መልካቸው ጥቁር ወይም ቡናማ ነው። ቁመታቸው ወደ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከጤፍ ይበልጣሉ፣ ከተልባ ያንሳሉ።

የዚህ ቤተሰብ ትልቁ ምልክት ይህ ነው፤ በአንድ አበባ 4 ፍሬ። አንዳንዱ ፍሬ ሳያድግ ሊቀር ይችላል፤ የአራቱ ቦታ ግን አለ። ኮሰረትን ውሰዱ። ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ነው፣ ግንዱም ማዕዘን ያለው ይመስላል፣ ይሸታል። «የበሶብላ ወንድም ነው» ብንል የሚፈርድብን የለም። ነገር ግን የኮሰረት ፍሬ የሚከፈለው ለሁለት ነው። ጎረቤት ነው እንጂ የቤተሰቡ አባል አይደለም።

ታዲያ እውነተኞቹ ዘመዶች እነማን ናቸው? ዳማከሴ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ዳማከሴ ግን ቁጥቋጦ ሆኖ ዓመት ከዓመት ይኖራል። በደጋው የሚበቅለው ጦስኝ ዘመዱ ነው። ለሻይ የምናፈላው ናና፣ ሥጋ የምንጠብስበት የጥብስ ቅጠል፣ በምዕራብና በደቡብ የሚተከለው የኦሮሞ ድንችም ዘመዶቹ ናቸው። ጤና አዳም ግን የሎሚና የብርቱካን ዘመድ ነው። አሪቲም የኑግና የሱፍ ዘመድ ነው። ድንብላልና እንስላልም ሌላ ቤተሰብ ናቸው። ሁሉም ቢሸቱም አንድ ቤት አይደሉም።

እስቲ እንቁጠር

ቁጥር ከተማርን እንጠቀምበት። በአንድ ደረጃ 6 አበባ አለ ብለናል። አንዱ አበባ 4 ፍሬ ይሰጣል። 6 ጊዜ 4፣ 24 ነው። አንዱ ራስ 10 ደረጃ ቢኖረው፣ 10 ጊዜ 24፣ 240 ፍሬ ይሆናል። ሁሉም ላያፈራ ይችላል። ግማሹ እንኳ ቢቀር 120 ፍሬ ይተርፋል። ይህ እንግዲህ ከአንድ ራስ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለዘር ብዙ መተው አያስፈልግም። ጥቂት ራስ ብንተው ለእኛም ለጎረቤትም ይበቃል። ጥፋቱ ያለው አንዱንም ሳንተው ሁሉን ስንቆርጥ ነው። ለቅመም ጥሩ የሚባለው ራሱ ሲያብብ የተቆረጠ ነው፤ በዚያ ጊዜ ግን ፍሬው ገና አልደረሰም። የሚሸጠውና ዘር የሚሆነው አንዱ ራስ ነው። አስቀድመን ካላሰብንበት ሽያጩ ዘሩን ይበላዋል።

አንድ ምሳሌ

በኮዬ ፈጬ የሚኖሩ አንዲት እናት እናስብ። በጓሯቸው በሶብላ ነበራቸው። የበርበሬ ወቅት ደረሰ፣ ዋጋው ተወደደ። ራስ ራሱን ቆርጠው ወደ ገበያ ሊወስዱት አሰሩት።

«እማዬ፣ ለዘር ያስቀረሽው የታለ?» አለቻቸው ልጃቸው።

«ኧረ ተይ ልጄ! ሥሩ አለ አይደል? ክረምት ሲገባ ያቆጠቁጣል» አሏት።

ሸጡ፣ ጨው ገዙ፣ ዘይት ገዙ። ኅዳር ላይ ብርዱ መጣ፤ ሥሩ ደረቀ። ክረምት ገባ። ጌሾው ለመለመ፣ ጤና አዳሙ ለመለመ። የበሶብላው ቦታ ግን ባዶ ሆነ። «ከጎረቤት እለምናለሁ» ብለው ወጡ። ከጎረቤት ጓሮ አንዱ ተቆፍሮ የቤት መሠረት ወጥቶበታል። ሌላዋ ጎረቤት ፎቅ ላይ ገብተዋል። ከገበያ ገዝተው መጡ፤ እርሱም በአበባው የተቆረጠ ስለሆነ ሲያሹት ፍሬ አልነበረውም።

ድሮ ቢሆን ችግሩ ቀላል ነበር። አንዷ ዘር ብታጣ ከአሥር ጎረቤት ታገኛለች። ዛሬ ግን ጓሮው እየጠበበ ነው።

አገራችን ተለውጧል

ኮዬ ፈጬ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ነው። ወደ አቃቂ ሜዳ ያዘነበለ አገር ነው። አፈሩ በብዛት መረሬ ነው፤ ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ ሲዘራበት ኖሯል። ዛሬ በሜዳው ላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ቆመዋል። በየካቲት 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዕጣ ካወጣችባቸው ቤቶች ብዙዎቹ በዚህ የተሠሩ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በአንድ አስተዳደር ሥር ገቡ፤ ኮዬ ፈጬም ክፍለ ከተማ ሆነ። እርሻው ወደ ከተማ ተለወጠ።

ማሳ ሲሄድ ሰው ያስተውላል። ስለ ጤፉና ስለ ስንዴው ይነጋገራል። የጓሮ ተክል ሲጠፋ ግን ማንም አያስተውልም። ቋሚው ተክል ሥሩ ተነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ ሊዛወር ይችላል። ዓመታዊው ግን ዘሩ በዚያ ዓመት ካልተያዘ በቃ፣ የዚያ ጓሮ በሶብላ አለቀ።

«ከሱቅ ዘር ብገዛስ?» የሚል ይኖራል። የሆቴል ወጥ ቤቶች የሚፈልጉት ባሲል የሚባል የፈረንጅ ዓይነት አለ። እርሱም ከእኛው በሶብላ ጋር አንድ ዝርያ ነው፤ ሽታው ግን ይለያል። ለሽሮና ለበርበሬ የለመድነውን አይሰጥም። አንድ ዝርያ በመሆናቸው ደግሞ ንብ የአንዱን ዱቄት ወደ ሌላው ብታደርስ ይዳቀላሉ። ዘር የምትይዙበትን በሶብላ ከባሲል አጠገብ አትዝሩ።

በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም በሶብላን አልተዉም። ደረቁን ከአገር ቤት ያስልካሉ። በእንግሊዝኛ በተጻፈባቸው እሽጎች ላይ አንዳንዴ «የተቀደሰው ባሲል» የሚል ስም ይሰጡታል። ያ ስም ግን በህንድ አገር የሚከበር የሌላ ዘመድ ስም ነው። የእኛው በሶብላ ነው።

ዘሩን እንዴት እንያዝ?

አንደኛ፣ ለዘር የሚሆኑትን ተክሎች አስቀድማችሁ ምረጡ። ጤነኛ፣ ቅርንጫፉ የበዛና ሽታው ጠንካራ የሆነውን ምረጡ። ከአንድ ተክል ብቻ አትውሰዱ። ከአሥር ያህል ተክል ጥቂት ጥቂት መውሰድ ይሻላል። ክር እሰሩባቸው፤ ቤተሰቡ ሁሉ እንዳይቆርጣቸው ይወቅ።

ሁለተኛ፣ ሌሎቹን ለቅመም ቁረጡ። ጫፉ የተቆረጠ በሶብላ ከጎን ቅርንጫፍ ያወጣል፣ እንደገናም ያብባል።

ሦስተኛ፣ የዘሩ ራስ ከታች ጀምሮ ቡናማ እስኪሆን ጠብቁ። ብዙው ክፍል ሲደርቅ ቁረጡት። ለሱሉልታና ለቡራዩ አንባቢዎቻችን አንድ ቃል አለን። የእናንተ አገር ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ ውርጩም ቶሎ ይመጣል። በሶብላ የሞቃት አገር ተወላጅ ስለሆነ ውርጭ አይችልም። ዘግይታችሁ አትዝሩ። ከግድግዳ ጥግ፣ ፀሐይ በሚያገኝበት ቦታ አድርጉት።

አራተኛ፣ ራሱን በወረቀት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቁልቁል ስቀሉት። ሲደርቅ በእጃችሁ እሹት፤ በትንሽ ወንፊት ንፉት። ገለባው ቀላል ስለሆነ እፍ ስትሉት ይሄዳል።

አምስተኛ፣ በደረቀ ጠርሙስ አስቀምጡት፣ አፉንም ግጠሙት። እርጥበት የዘር ጠላት ነው። በደንብ የደረቀና ሙቀት የማያገኘው ፍሬ ለጥቂት ዓመታት የመብቀል ኃይሉን ይዞ ይቆያል። ቢሆንም በየዓመቱ ማደስ ይሻላል።

ስድስተኛ፣ ስትዘሩ በጥልቀት አትቅበሩት። አፈር ስስ አድርጋችሁ ብቻ አልብሱት። በመረሬ አፈር ላይ መደቡን ከፍ አድርጉ፤ ውሃ ከቆመበት ሥሩ ይበሰብሳል። አፈሩ ከሞቀ በአንድ ሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይበቅላል።

መሬቱ የሄደበት፣ ፎቅ ላይ የገባም ሰው ተስፋ አይቁረጥ። የተቆረጠ ጀሪካን ታቹን ብሱና አፈር ሙሉበት። ፀሐይ የሚገባበት በረንዳ ካለ በሶብላ ይበቅላል።

አንድ ሙከራም እንንገራችሁ። ጥቂት ፍሬ በሲኒ ውሃ ውስጥ ጣሉ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እያንዳንዱ ፍሬ ዙሪያውን ነጣ ያለ ዝልግልግ ነገር ይለብሳል፤ እንደ ተልባ ማለት ነው። ይህ ልብስ እርጥበት ይይዝለታል፣ ከአፈሩም ጋር ያጣብቀዋል። ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው።

መጽሐፍም አለ፣ ማዕከልም አለ

ይህ ዕውቀት የጓሮ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት በሙሉ የተመዘገቡበት ትልቅ መጽሐፍ አለ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ተጠናቀቀ። የበሶብላ ቤተሰብ የሚገኘው በ5ኛው ጥራዝ ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ2006 ታተመ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ደርቀው በወረቀት ላይ የተጣበቁ ዕፅዋት የሚቀመጡበት ብሔራዊ ሄርባሪየም አለ። የአገሪቱን ዘር የሚያከማቸው የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 የዕፅዋት ዘር ማዕከል ሆኖ ነው። የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከልም መዓዛ ባላቸው ተክሎች ላይ ይሠራል። ለቡራዩና ለሱሉልታ ሰው ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ሩቅ አይደለም።

ሆኖም ማዕከሉ የሁላችንን ጓሮ ዘር ሊይዝልን አይችልም። የዚያ ዘር ጠባቂ ባለቤቱ ነው።

ጻፉበት

በመጨረሻ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ዘሩን ጠርሙስ ውስጥ ስታደርጉ ወረቀት ቆርጣችሁ ለጥፉበት። በላዩም ጻፉ፤ «በሶብላ»፣ ዘሩ የተያዘበት ወርና ዓመት፣ የመጣበት ጓሮ። ሦስት መስመር ይበቃል። ከዓመት በኋላ «ይህ ምን ነበር? የመቼ ነበር?» ብላችሁ አትጨነቁም። ዘሩን ለጎረቤት ስትሰጡም ወረቀቱን አብራችሁ ስጡ።

ያች እናትም መጨረሻ ላይ ዘር አገኙ። ፎቅ ላይ ወደ ገቡት ጎረቤታቸው ሄደው፣ «እትዬ፣ የበሶብላ ዘር ይኖርዎት ይሆን?» ብለው ጠየቁ። ሴትዮዋ ከመደርደሪያ አንድ ትንሽ ጠርሙስ አወጡ። ላዩ ላይ በእጅ ጽሕፈት የተጻፈ ወረቀት ነበረበት። አንድ ቁንጥር ሰጧቸውና፣ «ዘንድሮ ሁሉን እንዳይሸጡት!» አሏቸው። ሁለቱም ሳቁ።

ዘንድሮ እናንተም አንድ ራስ ተዉ።